መልስ፦ ለአዳማ ቤት የጋዝ ምድጃ ይሻላል ወይስ የኤሌክትሪክ?

እህቴ፣ በአዳማ ለተከራየሽው አዲስ ቤት የጋዝ፣ የኤሌክትሪክ ወይስ የኢንደክሽን (በኤሌክትሪክ በሚፈጠር የማግኔት ኃይል ድስቱን ራሱን የሚያሞቅ) ምድጃ ልግዛ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ብሆን ከላዩ ጋዝና ኤሌክትሪክ የተቀላቀለበትን፣ ኦቭኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን እገዛለሁ። መብራት ቢጠፋ ወጡ በጋዙ ይበስላል፤ ጋዝ ቢያልቅም ልጆች ቁርሳቸውን አያጡም።

ኢንደክሽን ፈጣንና ንጹሕ ነው፤ የሚያሞቀው ግን ማግኔት የሚይዘውን ዕቃ ብቻ ነው። የሸክላ ድስት፣ ጀበናና ተራው የአሉሚኒየም ድስት አይሠሩበትም። ሽሮ በሸክላ ለሚወደድበት ቤት ይህ ትልቅ ጉዳት ነው! ከመወሰንሽ በፊት በድስቶችሽ መቀመጫ ላይ ማግኔት አስጠግተሽ ሞክሪ።

አጥብቄ የማሳስብሽ ግን የኤሌክትሪክ መስመሩን ነው። በ220 ቮልት ባለ 16 አምፔር ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚያቋርጠው መቆጣጠሪያ) የሚሸከመው 3500 ዋት ገደማ ነው። ኦቭን ብቻውን 2000 ዋትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ የእንጀራ ምጣድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ3000 ዋት ያልፋል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ መስመር አታገናኚ፤ በማከፋፈያም ፈጽሞ አትሰኪ። ባለሙያ ለምድጃው የራሱን መስመርና የመሬት ሽቦ ይዘርጋለት፤ አከራይሽንም አስቀድመሽ አስፈቅጂ።

የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። ሲሊንደሩን ቀጥ አድርገሽ አየር በሚገባበት ቦታ አቁሚው፤ መገጣጠሚያውንም በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አትፈትሺ። ምድጃው ለሲሊንደር ጋዝ የተሠራ መሆኑን፣ እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን በራሱ የሚዘጋ መሆኑንም ከሻጩ አረጋግጪ።