መልስ፦ ለአንድ የብስክሌት ውድድር ብቻ ኢፒኦ ብወጋ ምን ይሆናል?

አትወጋው። «በሳምንት ከደም ይወጣል» ያለህ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የነገረህ። ኢፒኦ ለኩላሊት ሕመምተኞች የደም ማነስ የሚሰጥ፣ በስፖርት ግን የተከለከለ መድኃኒት ነው። ቀይ የደም ሴልን ያበዛል፣ ደሙን ያወፍረዋል። አንተ ደግሞ በድሬ ሙቀት ወደ ደንገጎ ስትወጣ በላብ ውኃህ ያልቃል፤ ደሙ ይበልጥ ይወፍራል። የረጋ ደም ልብን ወይም አንጎልን ሊዘጋ ይችላል፤ ወጣት ነኝ ብለህ አትተማመን።

ከደም ቢወጣም ለዶፒንግ ምርመራ የሰጠኸው ናሙና እስከ 10 ዓመት ተቀምጦ እንደገና ሊመረመር ይችላል። አሜሪካዊው ብስክሌተኛ ላንስ አርምስትሮንግ በኢፒኦና በሌሎች የተከለከሉ ነገሮች ምክንያት ከ1999 እስከ 2005 ያሸነፋቸውን 7 የቱር ደ ፍራንስ ድሎች የተነጠቀው በ2012 ነው (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ዕድሜ ልክም ታገደ።

አሁን እንዲህ አድርግ፦

1. መርፌው ቤትህ ካለ ለጓደኛ እንዳትሰጥ። መያዝም ማስተላለፍም በራሱ ጥፋት ነው። ጤና ተቋም ወስደህ እንዲወገድ ስጥ።

2. ዳገት ላይ ጉልበት ይከዳኛል ብለሃል። ሄሞግሎቢንህንና (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን) የብረት መጠንህን አስመርመር። የብዙ ብስክሌተኛ ድካም ከእነሱ ማነስ ሊሆን ይችላል፤ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ የብረት ክኒን አያስቀጣም።

አንድ ነገር ልጨምር። አብሮኝ ይጋልብ የነበረ ልጅ «አንዴ ብቻ» ብሎ 4 ዓመት ታገደ። መርፌውን የሰጠው ሰው በዚያው ሳምንት ስልኩን ዘጋ። ልጁ ቅጣቱን ከጨረሰ ቆይቷል፤ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ቡና ስንጠጣ ግን ዛሬም ስለ ብስክሌት ወሬ ከተነሳ ተነስቶ ይሄዳል።