«ቫውቸር አንቀበልም» ያለዎትን መልእክት አያጥፉት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ የኪራዬን አብዛኛውን የሚሸፍንልኝ የመንግሥት ቫውቸርም አለኝ። ባለፈው ወር ለአንድ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ስደውል ሥራ አስኪያጁ «ቅዳሜ መጥተሽ እዪው» አለኝ። አርብ ማታ በስልክ መልእክት ስለ ቫውቸሩ ስነግረው ግን «ሴክሽን 8 (የመንግሥት የኪራይ ቫውቸር ማለት ነው) አንቀበልም» ብሎ መለሰልኝ። እኔ አነጋገሬን ሰምቶ መጤ መሆኔን ስላወቀ ይመስለኛል። ማስታወቂያው እስካሁን አልተነሳም። ለከተማው ብከስ ያዋጣኛል? ጠበቃ የማቆምበት የለኝም፤ ስሜ በአከራዮች ዘንድ እንዳይጠፋም እሰጋለሁ።
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ያዋጣዎታል። አንጀትዎን ያሳረረው የአነጋገርዎ ነገር እንደሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን ሰውየው ስለ እሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ስለ ቫውቸሩ ግን በገዛ እጁ ጽፎ መስክሮልዎታል። የዲሲ የ1977ቱ የሰብአዊ መብቶች ሕግ አከራይ በገቢ ምንጭ እንዳያዳላ ይከለክላል፤ ቫውቸርም የገቢ ምንጭ ነው። ስለዚህ ክሱን በቫውቸሩ ይጀምሩ፤ የትውልድ አገርን በተጨማሪ ምክንያትነት መጥቀስ ይችላሉ።

«ወደ ፌዴራል ሂጂ» የሚሉ መካሪዎች አይጠፉም። በቤት ጉዳይ አድልዎን የሚከለክለው የ1968ቱ የፌዴራል ሕግ ዘርን፣ ሃይማኖትን፣ የትውልድ አገርንና ሌሎችንም ይዘረዝራል፤ የገቢ ምንጭን ግን አይጠቅስም። ለእርስዎ የሚበጀው የዲሲ የሰብአዊ መብቶች ቢሮ ነው። (ቤቱ ከዲሲ ወጣ ብሎ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሆን ኖሮ የሚሄዱት ሌላ ቢሮ ነበር፤ ወሳኙ ቤቱ ያለበት ቦታ ነው።) አቤቱታው በነጻ ነው፤ ጠበቃ ግዴታ አይደለም። ድርጊቱ ከተፈጸመ አንድ ዓመት ሳይሞላ ማቅረብ ግን የግድ ነው።

ለአገር ልጆች ሳስተረጉም የታዘብኩት አንድ ነገር አለ። «ናቀኝ፣ አዋረደኝ» ብለን እንጀምርና ቀኑን እንረሳዋለን። መርማሪው የሚጠይቀው ማን፣ መቼ፣ በምን ቃል የሚለውን ነው። «አርብ ማታ ስለ ቫውቸሩ ጻፍኩለት፤ ሴክሽን 8 አንቀበልም ሲል መለሰልኝ» ቢሉ ይበቃል። የመልእክቱን ፎቶ ሲያነሡ ቀኑና ስልክ ቁጥሩ ይታይ፤ የእርስዎም ጽሑፍ አይቆረጥ። ማስታወቂያውንም ዛሬ ማታውኑ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡት፤ ነገ ላያገኙት ይችላሉ። ልጅዎን ለአስተርጓሚነት ይዘው አይሂዱ። በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ስላለ ቢሮው በነጻ አስተርጓሚ ያቀርብልዎታል። የእናቱን በደል አፉን ሞልቶ መተርጎም ለልጅ ከባድ ነው፤ ደግሞም የሚከብደውን እየዘለለ ነው የሚተረጉመው።

ስሜ ይጠፋል ስላሉት፦ አቤቱታ በማቅረብዎ የሚደርስብዎ በቀል ራሱ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ቢከሰት ሌላ አቤቱታ ይሆናል።

ከምርመራው በፊት ሽምግልና አለ። እዚያ «ምን ትፈልጊያለሽ?» መባልዎ አይቀርም። ያንን አፓርታማ ነው ወይስ ካሳ? መልሱን ቤትዎ ሳሉ ይወስኑ። እስከዚያው ሌላ ቤት መፈለግዎን አያቁሙ፤ ቫውቸሩ የሚያበቃበት ቀን አለው። ቀኑ ከተቃረበ፣ ሳያልፍ ቫውቸሩን የሰጠዎትን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማራዘሚያ ይጠይቁ፤ የአቤቱታውንም ቅጂ አብረው ያያይዙ።