የትነት ገንዳው ሌሊትም እንደ ቀኑ ሲጎድል

በመካከለኛው አዋሽ በሚገኝ የመስኖ እርሻ ውስጥ የአየር ሁኔታ ጣቢያ የሚመዘግቡ አንባቢ ስለ ትነት ገንዳቸው፣ ማለትም ውሃው በየቀኑ ስንት እንደጎደለ እየተለካ ትነት ስለሚታወቅበት ክብ የብረት ገንዳ፣ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «የክላስ ኤ ትነት ገንዳችን በዚህ ወቅት በቀን ከ8 እስከ 9 ሚሊሜትር ያሳይ ነበር፤ አሁን 13 ይደርሳል። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ብቻ 6 ሚሊሜትር ይጎድላል፤ ነፋሻ በሆነውም ጸጥ ባለውም ሌሊት ልዩነቱ ጥቂት ነው። ገንዳው አምና ተበስቶ በኤሌክትሪክ ብየዳ ተደፍኗል፣ በላዩም ሲሊከን ተቀብቷል። ከሥሩ እርጥበት አላየንም። ችግሩ የመለኪያው ነው ወይስ የገንዳው?»

ችግሩ የገንዳው ነው ብዬ እገምታለሁ፤ የሚያፈስበትም ቦታ ከብየዳው ላይ ሳይሆን ከብየዳው አጠገብ፣ አንድ ጣት ያህል ራቅ ብሎ ይመስለኛል። ወፎችና የቤት እንስሳት የሚጠጡት በአብዛኛው በቀን ነው፤ የመንጠቆ መለኪያው (የውሃውን ከፍታ በመንጠቆ ጫፍ የሚለካው መሣሪያ) ጥርስ ቢላላ ደግሞ ንባቡ አንድ ቀን ከፍ፣ በማግስቱ ዝቅ ይል ነበር እንጂ በየዕለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ባልተሳሳተ ነበር። ነፋስ ኖረም አልኖረም በእኩል መጠን የሚጎድል ውሃ በቀዳዳ የሚወጣ ውሃ ነው።

ይሁን እንጂ የሌሊቱን ጉድለት በሙሉ ለቀዳዳው መስጠት ስለማይገባ፣ ብዙዎች የሚዘነጉትን አንድ ነገር ላስረዳ። ገንዳው ዲያሜትሩ 120.7 ሴንቲሜትር፣ ጥልቀቱ 25 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ ከከንፈሩ 5 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ሲሞላ ከ220 ሊትር በላይ ውሃ ይይዛል። ከመሬት 15 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ፀሐይ ከላይ፣ የሞቀ አየር ደግሞ ከጎንና ከሥር በስሱ ብረት አልፎ ውሃውን ሲያሞቀው ይውላል። ይህ ሁሉ ውሃ ከምሽት እስከ ንጋት በ10 ዲግሪ ቢበርድ፣ የሚለቀው ሙቀት በሙሉ ለትነት ቢውል ከ3 ሚሊሜትር በላይ ውሃ ለማትነን ይበቃል። በእርግጥ ከፊሉ ወደ ሰማይና ወደ ብረቱ ዙሪያ ይባክናል፤ ደረቅና ነፋሻ በሆነ ቆላ ግን አየሩ ራሱ ሙቀት እየጨመረለት ትነቱ ሊቀጥል ይችላል። ሰብሉ በአንጻሩ ሲመሽ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ዘግቶ ያድራል። የገንዳውን ንባብ እንዳለ ለመስኖ ሳንጠቀም በማረሚያ ቁጥር፣ ብዙውን ጊዜ 0.7 ገደማ በሆነ፣ የምናባዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ ከ6 ሚሊሜትሩ ግማሽ ያህሉ እውነተኛ ትነት ሊሆን ይችላል፤ የምንፈልገው ቀሪውን ነው።

ቀሪውን ለመለየት ከምሽቱ 12 ሰዓት ውሃውን በመንጠቆው ለክተው ገንዳውን በፕላስቲክ ይሸፍኑ፣ ከንፈሩን ዙሪያውን በገመድ ይሰሩ፣ በላዩ ሸራ ይደርቡበት። ንጋት ላይ እንደገና ይለኩ። ውሃ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ብቻ ግማሽ ሚሊሜትር ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ጉድለት ሊያዩ ስለሚችሉ፣ ከ1 ሚሊሜትር በታች ከሆነ አይደንግጡ። 2 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ገንዳው ያፈሳል። ከሥሩ እርጥበት አለማየትዎ አያሳስትዎ፤ በዚህ ገንዳ ላይ 1 ሚሊሜትር 1.14 ሊትር ስለሆነ፣ በቀን 4.5 ሚሊሜትር (ከአሁኑ 13 የቀድሞው 8.5 ገደማ ሲቀነስ) ማለት በደቂቃ ከ4 ሚሊሊትር ያነሰ ነው፤ ይህም በሞቀ እንጨት ላይ ወዲያው ይደርቃል። ገንዳውን አፍስሰው ሲገለብጡት ነጭ የጨው መስመር ካዩ ቀዳዳው ከዚያው ነው።

አሁን ወደ አምናው ጥገና እንምጣ። 0.8 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለውን ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ላሜራ በኤሌክትሪክ ብየዳ መንካት ራሱ ጥፋት ነው፤ እሳቱ ቀዳዳውን ሲደፍን ዙሪያውን የነበረውን ዚንክ ያቃጥላል፣ የተራቆተውም ብረት ቶሎ ዝጎ ሊበሳ ይችላል። ሲሊከኑ ደግሞ ዝገቱን ከዓይን ከመደበቅ በቀር ጥቅም የለውም፤ በተለይ የገበያው ርካሽ ሲሊከን በፀሐይ ጠርዙ ተነሥቶ ውሃ ከሥሩ ይይዛል። ውስጡን ሬንጅ የተቀባ ገንዳም አይቻለሁ፤ ጥቁሩ ቀለም ሙቀት ስለሚስብ ተጨማሪ ትነት ያስመዘግባል።

ሲሊከኑን በሙሉ ፍቀው፣ ዝገቱን በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አጽድተው፣ ጤነኛ ብረት እስኪያገኙ ድረስ ይከተሉት። ከዚያ ከጋልቫናይዝድ ላሜራ የተቆረጠ ልጣፊ አስቀምጠው ጠርዙን በእርሳስና በቆርቆሮ ቅልቅል (በሊድና ቲን ሶልደር) ይበይዱ። ለዚህ ወፍራም የመዳብ ጫፍ ያለው መበየጃ ይጠቀሙ፤ የጋዝ ነበልባል በቀጥታ አያሳርፉ። ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ወደ ውስጥ የሳበውን ሰው ማታ በብርድ ብርድና በትኩሳት ይጥለዋል፤ አሮጌውን ብየዳ በመፍጫ ሲያነሡም ጭምር ሥራውን ከቤት ውጭ፣ ነፋሱን ከጀርባዎ አድርገው ይሥሩ። የዝገቱ ቦታ ከመዳፍ ከሰፋ ግን ወለሉን በሙሉ ከመለጣጠፍ ገንዳውን መለወጥ ይሻላል። ሲገዙ ወለሉን በውሃ ልክ ይፈትሹት፤ በቅናሽ የሚሸጡት አንዳንዶቹ ወለላቸው የተጎበጠ ነው።

ገንዳውን ወደ ርብራቡ ሲመልሱ ከሥሩ የተከመረ አፈር ካለ ያስወግዱ፣ የማረጊያ ቱቦውን (መንጠቆው የሚለካበትን፣ የውሃውን ሞገድ የሚያረጋውን ቱቦ) የታች ቀዳዳ ከጨው ያጽዱ፣ ከዚያም የሸራውን ሙከራ ይድገሙ። ያለፉትን ንባቦች ግን 4.5 እየቀነሱ «ለማረም» አይሞክሩ፤ ጨው ቀዳዳውን አንዴ ሲዘጋው አንዴ ሲከፍተው ስለሚኖር የፈሰሰው መጠን በየቀኑ አንድ አይደለም። በመዝገቡ ላይ «ገንዳው ያፈስ ነበር» ብለው ከነቀኑ ይጻፉ፣ ለመስኖ ክፍሉም ዛሬውኑ ያሳውቁ፦ 4.5 ሚሊሜትር በ0.7 ተባዝቶ በሄክታር በቀን 30 ሜትር ኩብ ያህል ትርፍ ውሃ ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ እየመጣ ጨው በሚያወጣው በእናንተ አካባቢ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በያጅ ጠርተው የሚያሠሩ ከሆነም ስለ ዚንኩ ጭስ አስቀድመው ይንገሩት፤ በዝግ ጋራዥ ውስጥ እንዳይነካው።