ጥያቄና መልስ፦ ጆንስተን የምትባለው አውዳሚ መርከብ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለተዋጋችው የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውዳሚ (ዲስትሮየር፣ ፈጣን የጦር መርከብ) ስለ ጆንስተን የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ስንት ዓመት አገለገለች?

መልስ፦ ዓመት እንኳ አልሞላትም። ኦክቶበር 27፣ 1943 ሥራ ጀመረች፤ ኦክቶበር 25፣ 1944 ፊሊፒንስ ውስጥ ሳማር ደሴት አጠገብ ከጃፓን ጦር ጋር ስትዋጋ ሰጠመች።

ጥያቄ፦ ከሳማር ውጊያ በፊትስ?

መልስ፦ በማርሻል ደሴቶችና በጉዋም የጃፓንን ምሽጎች በመድፍ ደብድባለች። በሜይ 1944 ደግሞ ከሌሎች አውዳሚዎች ጋር ሆና አይ-176 የተባለውን የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ አስጥማለች።

ጥያቄ፦ አዛዡ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ነው የገባው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ። የአሜሪካው አድሚራል ሃልሲ ትልቁ ጦር ማባበያ የጃፓን መርከቦችን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሄዷል። ሳማር አጠገብ የነበረው የጆንስተን ቡድን 6 ትናንሽ አውሮፕላን ተሸካሚዎች፣ 3 አውዳሚዎችና 4 አነስተኛ አጃቢዎች ብቻ ነበሩት። በማለዳ ግዙፏን ያማቶን ጨምሮ 4 ታላላቅ የጦር መርከቦችና 6 ከባድ ክሩዘሮች (ከእነሱ ያነሱ የጦር መርከቦች) ያሉት የጃፓኑ አድሚራል ኩሪታ ጦር ድንገት መጣባቸው። የጆንስተን አዛዥ ኮማንደር ኧርነስት ኤቫንስ ተሸካሚዎቹን በጭስ ከሸፈነ በኋላ መርከቡን አዙሮ ብቻውን ወደ ጠላት ገሰገሰ። 10ሩንም ቶርፒዶ (ውኃ ውስጥ የሚሄድ ፈንጂ) ተኮሰ። ኩማኖ የተባለው ክሩዘር አፍንጫው ተቆርጦ ከውጊያው ወጣ።

ወዲያው ጆንስተን ክፉኛ ተመታች። ፍጥነቷ በግማሽ ወረደ፤ ኤቫንስም ሁለት ጣቶቹን አጣ። ያኔ ቢያፈገፍግ ማን ይወቅሰው ነበር? ግን ሌሎቹ አውዳሚዎች ቶርፒዶ ሊተኩሱ ሲገቡ በመድፍ ሊያግዛቸው ተመለሰ። ለእኔ ከመጀመሪያው የሚበልጠው ይህ ሁለተኛው ውሳኔ ነው፤ አሁን የሚጠብቀውን ያውቃልና። በኋላ ከመርከቧ ጭራ ቆሞ፣ ታች መሪውን በእጅ ለሚያዞሩት ሰዎች እየጮኸ ያዝዝ ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን አተረፈች?

መልስ፦ ጊዜ። ኩሪታ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲያልፍ ጦሩን ሰብስቦ ተመለሰ። ከ6ቱ ተሸካሚዎች በመድፍ የሰጠመችው ጋምቢየር ቤይ ብቻ ናት። ምስጋናው ግን የጆንስተን ብቻ አይደለም። የቡድኑ ሌሎች መርከቦች ሆኤልና ሳሙኤል ቢ ሮበርትስም እየተዋጉ ሰጥመዋል። ጥይት ጨርሰው በባዶ እጃቸው በጠላት መርከቦች ላይ ይወርዱ የነበሩትን አብራሪዎችም አንርሳ።

ጥያቄ፦ ስንት ሰው ተረፈ?

መልስ፦ ከ327ቱ 141። ነፍስ አድን እስኪደርስ ሁለት ቀን ያህል ባሕር ላይ ቆይተዋል። ኤቫንስ አልተገኘም። ከሞተ በኋላ ሀገሩ ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳሊያ ሰጥታዋለች።

ጥያቄ፦ መርከቧስ ተገኘች?

መልስ፦ ተገኝታለች። በ2021 አሳሾች በልዩ ሰርጓጅ መርከብ 6,456 ሜትር ጥልቀት ላይ ደርሰው ጎኗ ላይ 557 የሚለውን ቁጥሯን አንብበዋል።