በቀን 100 ብር እንዴት ይበላል? ጠይቁኝ

ሰላም ናችሁ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስሰራ ሁለት አመት ከሶስት ልጆች ጋ አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የኖርነው፣ ለምግብ በነፍስ ወከፍ በቀን 100 ብር ነበር ያለን። አሁን ደሴ ነኝ፣ የጠየቃችሁኝን እስኪ ልመልስ።

ጥያቄ፦ እኔ 100 ብር ይዤ ስወጣ ምሳ ላይ ያልቃል፣ እናንተ እንዴት ቻላችሁት?

መልስ፦ ወንድሜ ይዘኸው ከወጣህማ አለቀ። እኛ ደሞዝ ሲገባ የ15 ቀኑን 1,500 1,500 አዋጥተን 6,000 ብር አንድ ልጅ ጋ እናስቀምጣለን ከዛ እህሉም ክኩም ከሰሉም ባንዴ ይገዛል፣ የቀረችው ለሽንኩርትና ለጎመን ነች። ከሱቅ በብርጭቆ የምትገዛውን ዘይት አንድ ቀን ደምረህ እየው፣ ሊትሩ ስንት እንደመጣብህ ስታይ ትናደዳለህ። ብቻ ገንዘብ ያዡን ምረጡ፣ መጀመሪያ የያዝኩት እኔ ነበርኩ በ9ኛው ቀን ባዶ ሆነና በቆሎ ነው የከረምነው 😅

ጥያቄ፦ እንጀራ ብገዛ ይሻላል ወይስ ልጋግር?

መልስ፦ ጋግሪ እህቴ። ጤፍ ብቻ ግን አይሁን፣ ግማሹን ማሽላ አርጊው፣ ከቃሉና ከባቲ የሚመጣ ሸጋ ማሽላ አለ አይደል። ማሽላ የበዛበት በነጋታው ይሰባበራል ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን በወጥ ከዛ ወዲያ ፍርፍር ነው። ኮምቦልቻ ከሆንሽ ሙቀቱ ቶሎ ያሻግትብሻል፣ የተረፈሽን ሳይሻግት ፀሀይ ላይ አስጪና ድርቆሽ ይሁንሽ።

ጥያቄ፦ ደሴ ከመጣሁ ባቄላና ሽምብራ አልበስል እያለኝ ከሰል ፈጀብኝ፣ ምንድነው?

መልስ፦ አብሽሪ ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 100 ሳይደርስ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ እሳት ብትጨምሪበትም ከዛ በላይ አይግልም። ማታ ዘፍዝፊው ጠዋት ውሃውን ደፍተሽ በአዲስ ውሃ ከድነሽ ቀቅይ። ጨው መጨረሻ ላይ።

ጥያቄ፦ ገበያ ላይ በጣም ርካሽ ሽሮ አገኘሁ፣ ጓያ አለበት አሉኝ፣ ይጎዳል?

መልስ፦ እዚህ ላይ ቆም በይ። ጓያ አንድ ቀን ስለበላሽው አይደለም የሚጎዳው፣ ሌላ ምግብ ጠፍቶ ለወራት በየቀኑ እሱ ሲሆን ነው፣ እግር ሽባ ያረጋል፣ አንዴ ከያዘ ደሞ መዳኛ የለውም። እና በየቀኑ የሚበላው እንደኛ ብር ያጠረው ሰው ነው። ፍሬውን ካየሽው ትለይዋለሽ፣ አተር ድቡልቡል ነው ጓያ ግን ማዕዘን አለው፣ መጥረቢያ ይመስላል፣ ከተፈጨ ወዲያ ግን በምን ታውቂዋለሽ? ለዛ ነው እኔ ሰኞ ገበያ ሄጄ አተሩንና ባቄላውን በፍሬው ገዝቼ ቆልቼ ከክቼ የማስፈጨው። ጓያ ብቻ ከሆነ እጅሽ ላይ ያለው ውሃ እየቀያየርሽ ዘፍዝፊው፣ መርዙ በውሃ ስለሚወጣ የዘፈዘፍሽበትን ድፊው። እሱም ቢሆን ይቀንሰዋል እንጂ አይጨርሰውም፣ ስለዚህ ከሌላ እህል ጋ እያፈራረቅሽ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ዘይት መግዛት አቃተኝ፣ ምን ላርግ?

መልስ፦ እማማ፣ ተልባ ይግዙ። ምጣድ ላይ መንጣጣት ሲጀምር ያውጡት እንዳያርብዎ፣ ወቅጠው በውሃ በጥብጠው በደረቅ እንጀራ ይፈትፍቱት። ሽሮውንም ያለ ዘይት ሽንኩርቱን በውሃ አቁላልተው ይሞክሩት፣ ነጭ ሽንኩርት አይርሱ እንጂ ይጣፍጣል።

ጥያቄ፦ እርጉዝ ነኝ ደም አንሶሻል አሉኝ፣ ስጋ ደግሞ አልችልም።

መልስ፦ ጤና ጣቢያ የሚሰጥሽን የአይረን ኪኒን እንዳታቋርጪ፣ እሱን ምግብ አይተካውም። ምስርና ጎመን ብዪ፣ ላዩ ላይ ሎሚ ጭመቂበት ወይ ጥሬ ቲማቲም፣ አይረኑን ሰውነትሽ እንዲወስደው ያግዛል። ቡናና ሻይ ግን ምግብ ላይ አይሆንም፣ ቢያንስ አንድ ሰአት ይቆይ። የወሎ ሰው ከበላ በኋላ ቡና ይቆየኝ ሲባል እንዴት እንደሚከብደው አውቃለሁ 😂

ጥያቄ፦ በሁለት አመት ስጋ በልታችሁ ታውቃላችሁ?

መልስ፦ አዎ፣ ለአረፋ። እሱም የአከራያችን ቤት ተጠርተን።