የፓኔል ቤቱ ጥግ ሰጠመ ወይስ ተነሣ?

ጥያቄ፦ አንዲት የአዳማ ነዋሪ የላኩልን ደብዳቤ ሲያጥር እንዲህ ይላል። «በፋብሪካ የተዘጋጀ የሳንድዊች ፓኔል ቤት ገዝቼ ካስተከልሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ክረምት ሲገባ የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ ይላል። የላይኛው ጠርዝ በቁልፉ በኩል መቃኑን ይፈትጋል፤ ከሥር ደግሞ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይታያል። ጥር ላይ ይላላል፤ ዘንድሮ ግን ከአምናው ብሷል። ጥጉ ላይ ያለው የፓኔል መጋጠሚያም ተከፍቶ ዝናብ ያስገባል። ሁለት ባለሙያ አምጥቼ ነበር። አንዱ በፎምና በሲሊኮን ሞላው፤ ሌላው ጥጉ ሰጥሟል ብሎ ሥሩን ቆፍሮ አርማታ አፈሰሰበት። የሸጠልኝ ድርጅት የመሬት መንቀጥቀጡ ያመጣው ነው ይለኛል። እግሬ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ግድግዳው አልፎ አልፎ ይነዝረኛል። ምን ላድርግ? ቅሬታዬንስ እንዴት ላቅርብ?»

መልስ፦ ስለ በሩ ከመናገሬ በፊት በመጨረሻ እንደ ዋዛ ጠቅሰው ያለፉት ነገር ይቀድማል። ግድግዳው የሚነዝርዎ ከሆነ ዛሬውኑ ዋናውን ብሬከር ያጥፉ፤ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መርምሮ እስኪጨርስ ድረስም አያብሩት። የሳንድዊች ፓኔል መሐሉ ፎም፣ ሁለቱም ፊቱ ላሜራ ነው፤ ፓኔሎቹም በሪቬትና በብሎን ስለተያያዙ አንድ የተላጠ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ከነካ የበርና የመስኮቱን ፍሬም ጨምሮ መላው ቤት 220 ቮልት ሊሸከም ይችላል። ደረቅ ጫማ አድርገው ሲነኩት ቀለል ያለ መንዘር የነበረው፣ ወለል ሲታጠብ በባዶ እግር ለቆመ ልጅ ገዳይ ይሆናል።

አሁን ወደ በሩ። ግምቴን ሳላድበሰብስ ልንገርዎ፦ ጥጉ አልሰጠመም፣ ተነሥቷል። ከደብዳቤው ጋር በላኩት ፎቶ የበሩ ማጠፊያ ወደ ጥጉ በኩል፣ ቁልፉ ደግሞ ወደ ቤቱ መሐል በኩል ነው። ጥጉ ሰጥሞ ቢሆን ኖሮ በሩ ከማጠፊያው ጋር ዝቅ ብሎ በቁልፉ በኩል ከሥር ወለሉን ይፈትግ፣ ክፍተቱም ከላይ ይታይ ነበር። የእርስዎ ምልክት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ማጠፊያው የተያዘበት መቃን ወደ ላይ ሲገፋ በሩንም ይዞት ስለሚወጣ በቁልፉ በኩል ከላይ ይነክሳል፣ ከሥር ይከፈታል። በዚያው ፎቶ ላይ ሌላም ነገር አለ። ፎቶው በየካቲት የተነሣ ሆኖ ሳለ፣ ከጥጉ አጠገብ ከቆመው ሮቶ ማስቀመጫ ሥር ለምለም ሣር ይታያል፤ ሁለት ሜትር አለፍ ብሎ ያለው ጥቁር አፈር ግን እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ተሰነጣጥቋል። ሮቶው ዓመቱን ሙሉ ያንጠባጥባል ማለት ነው። ጋሌጃንቴው (ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ) አርጅቶ ውሃው በትርፍ ማስወጫው በኩል የሚወርድ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ስለ ጥቁር አፈር ትንሽ ልዘግይ፤ ምክንያቱም በየግቢው እየዞርሁ የማየው ጥፋት አብዛኛው «ቤቱ ቀላል ስለሆነ ጠንካራ መሠረት አያስፈልገውም» ከሚል አባባል የሚመነጭ ነው። ጥቁር አፈር ውስጥ ያለው የሸክላ ዓይነት እጅግ በደቀቁ ንብርብሮች የተሠራ ሲሆን፣ ውሃ ሲያገኝ ውሃው በንብርብሮቹ መካከል እየገባ ያራርቃቸዋል፤ ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ባቄላም አብጦ ይነሣል። ሲደርቅ ደግሞ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። የሚያብጥበት ኃይል በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ብዙ ቶን ሊደርስ ይችላል። ይህን ኃይል የሚቋቋመው ከላይ የሚጫን ክብደት ነው። ባለ 20 ሳንቲም ብሎኬት ግድግዳ በካሬ ሜትር ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን ከነመሠረቱ አፈሩን በመጠኑም ቢሆን ይጫነዋል፤ ባለ 5 ሳንቲም ሳንድዊች ፓኔል ግን በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በጥቁር አፈር ላይ ከባዱ ቤት ሳይሆን ቀላሉ ቤት ነው ይበልጥ የሚንገላታው። ሌላው ነገር እርጥበቱ እኩል አለመዳረሱ ነው። በወለሉ መሐል ሥር ያለው አፈር ፀሐይም ዝናብም ስለማያገኘው እርጥበቱ ብዙም አይለዋወጥም፤ ዳርና ዳሩ ግን በክረምት ይጠጣል፣ በበጋ ይደርቃል። ስለዚህ ጠርዙ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ መሐሉ ግን ባለበት ይቆያል። ከጥግ ላይ ውሃ የሚያንጠባጥብ ነገር ሲጨመር ደግሞ ያ ጥግ በበጋም ሙሉ በሙሉ አይወርድም፤ በሚቀጥለው ክረምት ካለፈው ከፍታ ተነሥቶ ይጨምራል። «ዘንድሮ ከአምናው ብሷል» ያሉት ይህንኑ ይመስለኛል።

ግምት ግምት ነውና ይለኩት። 15 ሜትር ገደማ የሚሆን ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ ገዝተው አረፋ ሳይቀርበት ውሃ ይሙሉት። አንዱን ጫፍ ከቤቱ ርቆ በቆመ የማይነቃነቅ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በግቢው በር ምሰሶ ላይ፣ በተሰመረ ምልክት ልክ አድርገው ያስይዙ። ሌላውን ጫፍ ይዘው ወደ አራቱ ጥጎችና ወደ ግድግዳዎቹ መሐል ይሂዱ፤ በእያንዳንዱ ቦታ ከውሃው መሥመር እስከ ፓኔሉ የሥር ቻናል (ፓኔሉ የቆመበት የብረት ሐዲድ) ያለውን ርቀት ይለኩ። ርቀቱ በዚያ ጥግ ላይ ከሌሎቹ ካነሰ ጥጉ ከፍ ብሏል። ሲተከልም ተዛንፎ ሊሆን ስለሚችል አንድ ልኬት ብቻውን አያሳምንም፤ በየሁለት ሳምንቱ እየለኩ ቀኑን ጨምረው በደብተር ይጻፉ፣ ዋናው ማስረጃ በነሐሴና በየካቲት ልኬት መካከል ያለው ልዩነት ነውና። ከዚህ ጋር ከግድግዳው ሥር ተጠግቶ ሜትር ጥልቀት ያለው ትንሽ ጉድጓድ ያስቆፍሩና ወለሉ በምን ላይ እንዳረፈ ከጎን ይመልከቱ። ጥቁሩ አፈር ወጥቶ በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ (የማያብጥ ጠጠራማ ሙሊት አፈር) ከተተካ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ሁለቱ ቀለሞች ተለይተው ይታያሉ። ከሊሾው በታች ጥቁር አፈር ብቻ ካገኙ ነገሩ አበቃ።

የመሬት መንቀጥቀጡን በተመለከተ፣ በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ እየተነሣ የነቀነቀን ነውጥ ማንም አይረሳውም። ነገር ግን ነውጥ በክረምት በሩን አጣብቆ በጥር አይለቀውም። በብሎን የተያያዘ ቀላል የብረት ቤትም ነውጥን ከብሎኬት ቤት የተሻለ ይችላል።

ስለ ቀደሙት ጥገናዎች ዝም ብል ደስ ይለኝ ነበር። አርማታ ያፈሰሰው ሰው ሳይለካ ነው የቆፈረው፤ ያ አርማታ የሚያብጠውን አፈር አያስቆመውም፣ እንዲያውም ከዳሩ ያለው ክፍት ቦታ ውሃ ሰብስቦ ወደ ሥር እንዲልክ አድርጎት ይሆናል። ሲሊኮን የሞላውም ቢሆን ርካሹን፣ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ዓይነት የተጠቀመ ይመስለኛል። ያ ዓይነቱ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ የላሜራውን ዚንክ ይበላል፤ ነጭ ዱቄት፣ ከዚያም ዝገት በመጋጠሚያው ዙሪያ ካዩ ምክንያቱ እሱ ነው። በገበያ ላይ 0.5 ሚሊ ሜትር ተብሎ የሚሸጠው ላሜራም በካሊፐር ሲለካ ብዙ ጊዜ ቀጥኖ ይገኛል፤ በቀጭን ላሜራ ላይ የተመታ ሪቬት ደግሞ ቤቱ ትንሽ ሲላወስ ቀዳዳውን ያሰፋል።

ሥራው የሚጀመረው ከውሃው ነው። ጋሌጃንቴውን ይለውጡ፤ ሮቶውን ከጥጉ ያርቁት ወይም ትርፍ ማስወጫውን በቱቦ ወደ ፍሳሽ ያገናኙት። ጣሪያው አሸንዳ ከሌለው ይሠራለት፣ መውረጃውም ቢያንስ ሦስት ሜትር ከቤቱ ይራቅ። በዙሪያው ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ የተነጠፈበት፣ ሜትር ተኩል የሚሰፋ፣ በየሜትሩ 5 ሳንቲም ወደ ውጭ የሚያዘቀዝቅ ሊሾ ያስደርጉ። ከግድግዳው ሥር ውሃ የሚጠጡ አበቦችም ይነሡ። ከዚያ አንድ ሙሉ በጋ ይታገሡ። በዚህ ጊዜ ማንም ሰው ቤቱን በክሪክ እንዳያነሣ፣ በሩንም በግራይንደር እንዳይቆርጥ ይከልክሉ፤ አፈሩ ሲረጋ የተቆረጠው በር በሌላ በኩል ይከፈታል። ልኬቱ መለወጡን ካቆመ በኋላ የቀረው ዝንፈት የመልሕቅ ብሎኖቹን አላልቶ ከቻናሉ ሥር ስስ የብረት ንጣፍ በማስገባት ይስተካከላል። መጋጠሚያው ደግሞ አሮጌው ሲሊኮን ተፍቆ፣ የማይሸተው ገለልተኛ ሲሊኮን ተሞልቶ፣ ፍላሺንጉ (መጋጠሚያውን የሚሸፍነው ላሜራ) በሪቬት ሳይሆን የጎማ ቀለበት ባለው ብሎን ይታሰር። በፓኔሉ አጠገብ ብየዳ የሚባል ነገር አይደረግ፤ ውስጡ ያለው ፎም ይቀጣጠላል።

ኤሌክትሪኩን ደግሜ አነሣዋለሁ፤ የነዘረዎት ከዚሁ እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ ሳይሆን አይቀርምና። ሽቦው ኮንዲዩት (መከላከያ ቱቦ) ሳይኖረው በፓኔሉ ቀዳዳ ውስጥ ከተሳበ፣ ጥጉ በየዓመቱ ሲነሣና ሲወርድ የላሜራው ስለት ልባሱን ይቆርጠዋል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በቴስተር ብቻ አይበቃውም፤ በመልቲሜትር በግድግዳውና በመሬት ዘንግ መካከል ይለካ፣ የተላጠውን ሽቦ ይለውጥ፣ የሁሉም ክፍል ላሜራና የብረት ፍሬሙ ከመሬት ጋር ይያያዝ፣ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያም ይግባ። ይህ ሳይሆን ብሬከሩን አያብሩ።

ቅሬታውን የምመክርዎ በፓኔሉ ላይ ሳይሆን በመሠረቱ ላይ እንዲያቆሙት ነው። ፓኔሉ ደካማ ነው ካሉ ፋብሪካው የምርመራ ወረቀት ያወጣልዎታል፤ ተካዩም አፈሩ ነው ይላል፤ እርስዎ በመሐል ይቀራሉ። ይህ መሸሻሸት የእኛ ብቻ አይደለም። በፋብሪካ ለሚሠሩ ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የፌዴራል መስፈርት ባለባት አሜሪካም አምራች፣ ሻጭና ተካይ ጣት ስለሚጠቋቆሙ፣ ቤቱ በተተከለ በአንድ ዓመት ውስጥ ለተመዘገበ ጉድለት የሽምግልና ሥርዓት አበጅተውለታል። የእኛ የ1952 ዓ.ም. ፍትሐ ብሔር ሕግ በበኩሉ በቁጥር 3039 ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ለሥራው በሚገባ መሠራትና ለሕንፃው ጽናት ዋስ እንደሆነ፣ ሥራው ባረፈበት መሬት ጠባይ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳትም ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃልም ዋጋ የለውም። ስለዚህ ውልዎ ተክሎ ማስረከብን የሚጨምር ከሆነ «አፈሩ ነው» የሚለው መልስ ለእነርሱ ማምለጫ አይሆንም። ፓኔሉን ከአንዱ ገዝተው በሌላ ካስተከሉ፣ ወይም ሮቶውን በኋላ ራስዎ ካስቀመጡት ግን ነገሩ ይወሳሰባልና ጠበቃ ያማክሩ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። የልኬቱን ደብተር ቅጂ፣ የጉድጓዱንና የሣሩን ፎቶ፣ የተላጠው ሽቦ ሲገኝ የእሱንም ፎቶ ከነቀኑ ያያይዙ፤ ወለሉ በጥቁር አፈር ላይ ስለ ማረፉም መልስ በጽሑፍ ይጠይቁ። በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ ገቢ መሆኑን የሚያሳይ ማህተምና ቀን ያስመቱ። ድርጅቱ ሰው ልኮ እንደገና መጋጠሚያውን በሲሊኮን ልሙላ ቢል፣ መሠረቱንና የውሃ መውረጃውን የሚያስተካክሉበትን ዕቅድ ፈርመው እስኪሰጡዎት ድረስ አያስነኩት። ሠራተኞቻቸው ድሪል ይዘው ሲመጡም ብሬከሩ መጥፋቱን ራስዎ ሄደው ያረጋግጡ።