ሌክቸራችሁን ቀድታችሁ ከመልቀቃችሁ በፊት

ሰላም ልጆች። ልጆች ስላችሁ አትቀየሙኝ፣ አንዳንዶቻችሁ ማስተርሳችሁን ይዛችሁ ማስተማር ጀምራችኋል፣ አንዳንዶቻችሁ ገና ፍሬሽማን ናችሁ፣ ለኔ ግን ሁላችሁም ልጆች ናችሁ በቃ። ሲቪል ኢንጂነር ነኝ፣ ሳይት ላይ ሰርቻለሁ፣ ክላስ ውስጥ አርጅቻለሁ፣ የማስተምረው ኮንክሪት ነው፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም። ሰሞኑን ወጣት መምህራን ባገኙኝ ቁጥር "ጋሼ ለተማሪዎቻችን ፖድካስት ልንጀምር ነው ምን ይላሉ" ይሉኛል። ሀሳቡን ወድጄዋለሁ፣ አሰራሩ ላይ ግን የምለው አለኝ።

መጀመሪያ ለምን እንደወደድኩት ልንገራችሁ። ከዚህ ሰፈር ተነስቶ ስድስት ኪሎ ለመድረስ በቃሊቲ በሳሪስ አድርጎ ነው፣ የጠዋቱን የታክሲ ሰልፍና የቃሊቲን መጨናነቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ባስ ውስጥ ቆሞ በአንድ እጁ ብረት የያዘ፣ በሌላው ኪሱን የሚጠብቅ ልጅ ሃንዳውት ማንበብ አይችልም፣ ጆሮው ግን ስራ ፈት ነው። ወጪውም ቢሆን ቀላል ነው፣ አንድ ሰዓት ንግግር በ64 ኪሎቢት ሞኖ ብትቀዱት 29 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚሆነው፣ 32 ላይ ካረጋችሁት ደሞ ግማሹ፣ ለንግግር ደግሞ ይበቃል። ያንኑ ቪዲዮ ብታረጉት ብዙ እጥፍ ይበላል፣ ፓኬጁ ያለቀበት ተማሪ ደሞ ሊንካችሁን አይቶ ያልፈዋል እንጂ አይከፍተውም። ደግሞ ይሄ ነገር አዲስ አይደለም'ኮ፣ ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች በካሴት እያስቀዱ ሲማሩ እናውቃለን፣ እኛ ነን ዘግይተን የነቃነው።

አሁን ወደ ጥሉ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ የምታስቡት የሁለት ሰዓት ሌክቸር ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ቀድቶ ማታ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ መልቀቅ ነው። ክላስ ለቀረ ልጅ ምንም ከማጣት ይሻላል እሺ፣ ግን እስቲ ራሳችሁ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡት። "ይሄ ከዚህ ጋር ሲደመር ይሄን ይሰጠናል፣ አያችሁ?" የቱ ነው ይሄ? አዳማጩ ሰሌዳውን አያየውም። ወንበር ሲጎተት፣ አንዱ ሲያስል፣ እናንተ ማርከር ስትፈልጉ፣ አቴንዳንስ ስትይዙ፣ ይሄን ሁሉ የትኛው ተማሪ ነው ታግሶ የሚሰማው። ለጆሮ የሚሆን ነገር ለጆሮ ተብሎ መዘጋጀት አለበት፣ አጭር መሆን አለበት፣ አንድ ሀሳብ ብቻ መያዝ አለበት፣ ስምንት ዘጠኝ ደቂቃ ካለፈ እኔ በበኩሌ እጠራጠረዋለሁ።

ለምሳሌ የውሃና የሲሚንቶ ሬሾን እኔ ብሆን እንዴት እንደማወራው ልንገራችሁ። ከሰዓት ነው፣ ፀሐዩ ከሯል፣ ሚክሰሩ እየዞረ ነው፣ ኮንክሪቱ ደረቅ ብሎ አልፈስ ብሏል፣ ቀን ሰራተኛው ባልዲውን አንስቶ ውሃ ገለበጠበት፣ ፎርማኑ አይቶ ዝም አለ። እዚህ ጋ ቆም ብዬ ምን ተፈጠረ እላለሁ። ከዛ እናገራለሁ፣ ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ተዋህዶ ለመጠንከር በኬሚካል የሚይዘው ውሃ የራሱን ክብደት ሩብ ያህል ነው፣ ከዛ በላይ ያለው አብዛኛው ኮንክሪቱ እንዲፈስ፣ ለስራ እንዲመች ብለን የምንጨምረው ነው፣ ትርፉ ውሃ መጀመሪያ ቦታ ይይዛል፣ ኋላ ተንኖ ሲሄድ ቦታው ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፣ ቀዳዳ የበዛበት ኮንክሪት ደሞ ሸክም አይችልም። በ28ኛው ቀን ኪውቡ፣ ማለት ከዛው ኮንክሪት ለሙከራ የተወሰደው ናሙና፣ ላብራቶሪ ገብቶ ሲጨመቅ ቁጥሩ ወርዶ ይገኛል፣ ያኔ ግን ኮለኑ ቆሟል፣ በላዩ ላይ ሌላ ፎቅ ወጥቷል። እና ፎርማኑ በዛች ሰዓት ምን ማድረግ ነበረበት? ብዬ ጠይቄ እዘጋዋለሁ። መልሱን አልናገርም፣ መልሱን ይዘው ክላስ ይምጡ። ከነገርኳቸውማ ክላስ የሚመጡት ሊያንቀላፉ ነው።

አያችሁ፣ ለምን የሚለው ነገር በጆሮ ይገባል፣ ታሪክ አለው፣ ሰው አለው። ስሌቱ ግን አይገባም። ሚክስ ዲዛይን፣ ማለት የኮንክሪቱን የድብልቅ መጠን ስሌት፣ በድምፅ ላስተምር ያለ፣ ቤንዲንግ ሞመንት ዲያግራም፣ ማለት ሸክም ምሰሶን የት ምን ያህል እንደሚያጎብጥ የሚያሳየውን ስዕል፣ በቃል ልሳል ያለ ሰው ራሱንም ተማሪውንም ነው የሚያደክመው። እሱ ሰሌዳ ይፈልጋል፣ እርሳስ ይፈልጋል፣ ክላሱን ለሱ አስቀሩት።

ፕላዝማን ታስታውሳላችሁ? ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። 1997 አካባቢ ሃይስኩል ሁሉ ፕላዝማ ተገጠመ፣ ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ ሀሳቡ ክፉ አልነበረም፣ ግን ትምህርቱ አይቆምም ነበር። ተማሪው ያልገባውን ሊጠይቅ እጁን ሲያወጣ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ ሌላ ርዕስ ጀምሯል፣ የክፍሉ መምህር ደሞ ጥግ ላይ ቆሞ ያያል። ፖድካስት ከዛ የሚሻለው ቆም ስለሚል ብቻ ነው፣ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ብቻ ነው፣ ይሄን ካልተጠቀማችሁበት ያው ፕላዝማ በኪስ መያዝ ማለት ነው።

ስለዚ እናንተ ተማሪዎች፣ ሁለት ኤክስ ላይ አድርጋችሁ እንደ እግር ኳስ ኮሜንታተር እያስሮጣችሁ "ዛሬ ሶስት ቻፕተር ጨረስኩ" አትበሉ። አልጨረስክም ወንድሜ፣ ሰምተሃል እንጂ። ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2006 በፈረንጅ ያሳተሙት ጥናት አለ፣ አንድን ፅሁፍ ደጋግሞ ያነበበና አንብቦ ከጭንቅላቱ ለማውጣት የሞከረ ተማሪ ሲነፃፀሩ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግሞ ያነበበው በለጠ፣ ከሳምንት በኋላ ግን የሞከረው በለጠ። ጥናቱ በንባብ ነው የተሰራው፣ በጆሮም ነገሩ የሚለይ አይመስለኝም። ደቂቃዋ ስታልቅ ኢርፎኑን አውልቁና ለራሳችሁ ተናገሩት፣ ታክሲ ውስጥ ከሆናችሁ በሆዳችሁ። መናገር ካቃታችሁ አልገባችሁም፣ መልሱት። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና እንዳለ አትርሱ፣ ያኔ የሚጠየቀው ስንት ሰዓት አዳመጥክ አይደለም።

አሁን ዋናው ሃሳቤ ጋ ደረስኩ። ፖድካስቱን መምህሩ ብቻ አይስራው፣ ተማሪው ይስራው። በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ በ2004 በፈረንጅ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎቹ በሙሉ አይፖድ አደለ፣ ሰው የጠበቀው ቁጭ ብለው ሌክቸር ያዳምጣሉ ብሎ ይሆናል፣ ለትምህርት በብዛት የተጠቀሙበት ግን መቅጃውን ሆኖ ተገኘ። እኔ ይሄን ሳነብ አልገረመኝም። እኛ ሀገር የቅኔ ተማሪ እንዴት እንደሚማር የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ የኔታ የሚሉትን ሰምቶ ብቻ አያድርም፣ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ይዞ መጥቶ እሳቸው ፊት መናገር አለበት፣ ከተሳሳተ እዛው ይታረማል። ሰምቶ የሚቀር ተማሪ እዛ ቤት የለም።

እዚህ ዳር ያለን ሰዎች ደሞ እድለኞች ነን፣ ላብራቶሪው ደጃፋችን ላይ ነው። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ወደ ገላንም ብትወርዱ የማይሰራ ነገር የለም፣ አቧራውን እየተማረርን ከምንኖር እንጠቀምበት። ለአራት ለአምስት ልጆች ግሩፕ ስጡና አንድ ሳይት ሄደው፣ አስፈቅደው፣ ፎርማኑን ወይ ግንበኛውን ያናግሩ፣ ስላምፕ (ያልደረቀው ኮንክሪት ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ ማለት ነው) ለምን ትለካላችሁ፣ ካልለካችሁስ ለምን፣ ኮንክሪቱን ውሃ የምታጠጡት ስንት ቀን ነው ብለው ይጠይቁ፣ የሚክሰሩም ድምፅ ይግባ ችግር የለውም። ከዛ ሰውየው ያላቸውን ከመፅሐፉ ጋር አስታርቀው ወይ አጣልተው በስድስት ደቂቃ ያቅርቡ። የስድስት ደቂቃ ነገር ለማዘጋጀት ልጁ ምዕራፉን ሳይወድ በግዱ ያነበዋል፣ ምክንያቱም ሌላ ሰው ጆሮ ውስጥ ሲገባ ማፈር አለ። ሰውየው ድምፁን አትልቀቁብኝ ካለ አይለቀቅ፣ ስሙም የሳይቱም ስም አይጠራ፣ ሰው እንጀራው ነው።

ቋንቋውንም አታጥብቁባቸው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፈተናውም እንደዛው፣ ቃላቱን በእንግሊዝኛ ይያዟቸው፣ ማብራሪያው ግን በአማርኛ ይሁን፣ በኦሮምኛ ይሁን፣ ልጁ በሚያስብበት ይሁን። ግማሹ ክፍል በእንግሊዝኛ ሸምድዶ ያለፈውን ነገር በቤቱ ቋንቋ አስረዳ ስትሉት ነው መያዝ አለመያዙ የሚታወቀው። ማርክ ስትሰጡ ለሃሳቡ ስጡ፣ የአባቱ ስልክ ጥሩ ማይክ ስላለው ልጅ ኤ እንዳያገኝ።

ስለመቅዳቱ ብዙ አልልም፣ ከኔ ትሻላላችሁ። ስልኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ያህል አርቁት፣ ባዶ ክፍል ያስተጋባል ስለዚ ልብስ የሞላበት ቁምሳጥን ከፍታችሁ ወደሱ ዞራችሁ አውሩ ወይ ጋቢ ተከናነቡ፣ ይሳቃል ግን ይሰራል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ሌሊት ይሻላል፣ እኛ ሰፈር ውሾቹ እስኪጀምሩ ድረስ ማለቴ ነው። ፅሁፉንም ከድምፁ ጋር ልቀቁት፣ መስማት የሚቸገር ልጅ አለ። የፋይሉን ስም ደሞ "ኦዲዮ 0047" ብላችሁ አትልቀቁ፣ ርዕሱን ፃፉበት፣ ለፈተና ሰሞን ተማሪው የሚፈልገው በሱ ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይሄን ሁሉ ስናገር "ፖድካስት ካለ ተማሪ ክላስ አይመጣም" ይሉኛል። ክላስ ውስጥ የምታደርጉት ፖድካስቱ ላይ ያለውን መድገም ከሆነ እውነታችሁን ነው፣ አይመጣም፣ እኔም ብሆን አልመጣም። ክላሱ ላይ በፎርማኑ ጉዳይ ከተከራከረ፣ ኮንክሪቱን በእጁ አቡክቶ ስላምፑን ከለካ ግን ይመጣል። ለመጪው ሴሚስተር አንድ ኮርስ ላይ፣ ተማሪው ሁሌ በሚወድቅባት አንዲት ምዕራፍ ጀምሩና እስቲ የሆነውን ንገሩኝ።